ልጅ የማን ነው? የኪቡዝ ሌሊቶችና ያልበረደው ክርክር

አድሚን፦ የሳምንቱ ጥያቄ። የድሮዎቹ ሶሻሊስቶች «ልጅ ማሳደግ የእናት ብቻ ሸክም አይደለም፣ የማኅበረሰቡ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። የእስራኤል ኪቡዞች፣ ማለትም ሥራውም ንብረቱም የጋራ የሆነባቸው የእርሻ መንደሮች፣ ይህን እስከ ጥግ ወሰዱት። በብዙዎቹ ሕፃናት ከወላጅ ተለይተው «የልጆች ቤት» ውስጥ ያድሩ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን አሠራሩ ቀረ። የተሸነፈው ሐሳቡ ነው ወይስ አፈጻጸሙ? ስድብ ክልክል ነው።

አሮጌው ካድሬ፦ ሐሳቡን ማንም አላሸነፈውም። ሩሲያዊቷ አብዮተኛ አሌክሳንድራ ኮሎንታይ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ስትጽፍ ልጆችን ከወላጅ በግድ እንንጠቅ አላለችም። ሴቲቱ ፋብሪካ ውላ ማታ ደግሞ ድስትና ሽንት ጨርቅ አይጠብቃት ነው ያለችው። የሩሲያ አብዮት ያንን መንገድ ጀምሮ ነበር። ስታሊን ነው በ1936 ፅንስ ማስወረድን ከልክሎ፣ ፍቺን አክብዶ ሴቶቹን ወደ ድሮው የመለሳቸው። ታዲያ «ተሞክሮ ከሸፈ» የምትሉት የቱን ሙከራ ነው?

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ ጥያቄው ስለ ኪቡዝ ነው እኮ። ሩሲያ ምን ወሰደዎት?

አሮጌው ካድሬ፦ ሥሩ አንድ ስለሆነ ነው ልጄ። ኪቡዝ ውስጥ እናትም እርሻ ትወርዳለች፣ ስብሰባ ትመራለች። ልጇን በቀን መታፔለት የሚሏት ሞግዚት ትይዘዋለች። ከሰዓት በኋላ ከወላጆቹ ጋር ይጫወታል። ምን ጎደለው?

ነርሷ፦ የጎደለው ሌሊቱ ነው። እስቲ ልዘርዝረው። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው አቪ ሳጊና ባልደረቦቹ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት ሁለት ዓይነት የኪቡዝ ሕፃናትን ያወዳድራል። ሁለቱም ቀን ቀን የልጆች ቤት ይውላሉ። ልዩነታቸው፣ አንዱ ወገን ማታ ወላጆቹ ጋ ገብቶ ያድራል፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። ከዚያ እናትየዋ ለአፍታ ወጥታ ስትመለስ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ታየ። ሮጦ ሄዶ ይጽናናል? ወይስ ይሸሻታል፣ ወይስ እየተጣበቀም እየተቆጣም ያለቅሳል? ሄዶ የሚጽናናው «የተማመነ ቁርኝት» አለው ይባላል። ቤት ከሚያድሩት 80 በመቶው በእናታቸው ላይ እንዲህ ያለ ቁርኝት ነበራቸው። ከቤት ውጭ ከሚያድሩት 48 በመቶ ብቻ።

ምክንያቱ አያስቸግርም። ሌሊት የሚጠብቁት ሴቶች በተራ ይቀያየራሉ። ብዙ ቤት ስለሚጠብቁ ልቅሶውን የሚሰሙት በድምፅ ማጉያ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ዘግይታ የምትመጣው ሴት በደንብ የማያውቃት ናት። ሕፃን ደግሞ ጨለማ ሲያስፈራው የሚፈልገው «ማኅበረሰቡን» አይደለም። የሚያውቀውን ሰው ነው።

የአራት ኪሎው፦ አለቀ! ሳይንስ ፈረደ። ሩማኒያንም ጨምሩበት። መሪዋ ቻውሼስኩ በ1966 ፅንስ ማስወረድን ከለከለ፣ ቤተሰብ ማሳደግ ያልቻለው ልጅ ማሳደጊያዎቹን ሞላ፣ ልጆቹም ተጎድተው ወጡ።

ነርሷ፦ እሱን ከኪቡዝ ጋር አትቀላቅልብኝ። የሩማኒያ ልጆች አንድም የኔ የሚሉት ሰው አልነበራቸውም። የኪቡዝ ልጅ እናትም አባትም አለው፣ በየቀኑ ያያቸዋል። ደግሞ 80 በመቶ የተባሉት ልጆችም ቀኑን የሚውሉት የልጆች ቤት ነው። ስለዚህ ጥናቱ «ልጅ ከእናቱ ጉያ አይለይ» አላለም።

አሮጌው ካድሬ፦ እግዜር ይስጥሽ። አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ የእናትና ልጅ ቁርኝት ሳይንስ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢ ራሱ ያደገው በሞግዚት እጅ ነው። የሚወዳት ሞግዚት አራት ዓመት ሳይሞላው ተለየችው፣ ኋላም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ሀብታም ልጁን ለሌላ ሲሰጥ «ጨዋ አስተዳደግ»፣ ሠራተኛው በጋራ ሲያሳድግ «ጭካኔ»! የኪቡዝ ልጆችም አድገው ሰው ሆነዋል። በጦር ሠራዊቱ መኮንኖች መካከል ከቁጥራቸው በላይ ይታዩ ነበር።

የካዛንቺሷ፦ መኮንን መሆን የፍቅር ማስረጃ ነው እንዴ 😂 ልጆቹን ቤት እናሳድር ብለው የታገሉት እዚያው ያደጉት ሴቶች መሆናቸውንስ ለምን ይዘሉታል? እናት ሲሆኑ «እኛ ያለቀስነውን ልጆቻችን አያለቅሱም» አሉ። የ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ፣ ሚሳኤል እየወረደ ልጁን ሌላ ቤት የሚያሳድር ወላጅ ከየት ይገኛል? ከውስጥ ነው የፈረሰው። ካፒታሊዝም አላፈረሰውም።

ከቤይሩት፦ እኔ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። እዚህ የሰው ልጅ ሌሊት ሲነቃ የምነሳው እኔ ነኝ። እናቱ አትነሳም፣ አይፈረድባትም፣ ለዚያ ነው የቀጠረችኝ። የኔ ልጅ ደግሞ ደሴ ከእናቴ ጎን ነው የሚተኛው። ስደውል ስልኩን ትቶ ወደ አያቱ ይሸሻል። የኪቡዝ እናት ቢያንስ ከሰዓት በኋላ ታቅፈው ነበር።

አድሚን፦ እህቴ አይዞሽ። 🙏🏾

ነርሷ፦ ልጅሽ ወደ አያቱ መሸሹ ጥሩ ምልክት ነው። የሚተማመንባት ሰው አለችው ማለት ነው። ባንቺ ላይ ግን የሚከብድ ነገር ነው፣ አልክድም።

የአራት ኪሎው፦ እሺ፣ እዚህ አገርስ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እናት ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያስ? አያት ክፍለ ሀገር ናት፣ ሞግዚት በየሦስት ወሩ ትለቃለች።

የካዛንቺሷ፦ የኔ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል። ግን ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ ናት የምትቀበለኝ። ልጄ በር ላይ እግሬን አይለቅም።

ነርሷ፦ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንዷ ሞግዚት ስንት ሕፃን ትይዛለች? ልጅሽን በቋሚነት የምትይዘው ማን ናት? «ተራ ነው» ካሉሽ ያንኑ የኪቡዝ ሌሊት ቀን ላይ አምጥተውታል።

አሮጌው ካድሬ፦ ቋሚ እንድትሆን ደመወዟን አስተካክሉላት። ሞግዚቷ የምትለቀው ልጅ ጠልታ አይደለም። በዚያ ክፍያ የራሷን ልጅ ማሳደግ ስላልቻለች ነው። ይህን ስል ደግሞ ካድሬ ትሉኛላችሁ።