«የትኛውም የሳንባ ሐኪም ይበቃል» ስለተባለው

የቱታው ልጅ፦ ትናንት ማታ አንድ ሐኪም በሬዲዮ አስቤስቶስ የሚባለው የማዕድን ቃጫ ብናኝ ስለሚያመጣው የሳንባ በሽታ ተጠይቀው «ልዩ ሐኪም ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ የትኛውም የሳንባ ሐኪም ይበቃል» ሲሉ ሰማሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ 19 ዓመት የቦይለር ቱቦ በአስቤስቶስ ሲሸፍን ኖሯል። ትንፋሹ ማጠር የጀመረው ሥራውን ከተወ ከ26 ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያው የሳንባ ሐኪም አስም ነው አለው። ሁለተኛው ልብዎን ይመርመሩ ብሎ ሸኘው። ሦስተኛው «ያጨሱ ነበር? እንግዲህ ከዚያ ነው» አለ። ካርዱ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ ሦስቱም የጻፉት አንድ ቃል ነው፦ ጡረተኛ። አራተኛዋ ሐኪም ገና ሳትነካው «አባባ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ የሠሩትን ሥራ ሁሉ በተራ ይንገሩኝ» አለችው። ከዚያ ማዳመጫውን ከጀርባው ታች፣ የጎድን አጥንቱ ከሚያልቅበት ላይ አሳርፋ «በረጅሙ ይተንፍሱ» አለች። እኔንም አስጠግታ አሰማችኝ። ተለጣፊ የጫማ ማሰሪያ ቀስ ተብሎ ሲላቀቅ የሚሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ከዚያ ቦታ አላዳመጠውም። ስለዚህ «ይበቃል» የሚለውን ቃል አልቀበልም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ለአባትህ ምሕረቱን ያውርድላቸው። ግን ሐኪሙ ያሉት ስህተት አይደለም። አስቤስቶሲስ የሳንባ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የትም ብትወስዳቸው የሚደረገው ያው ነው፦ ሲጋራ ማቆም፣ የኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ክትባት፣ የትንፋሽ እንቅስቃሴ፣ ሲያስፈልግ ኦክስጅን። ይህን የትኛውም የሳንባ ሐኪም ያደርገዋል። ሦስት ደረጃ መውጣት ያቃተውን ሽማግሌ ስመ ጥር ሐኪም ፍለጋ ከከተማ ከተማ ማንገላታትም በደል ነው። ዎርድ ውስጥ በየቀኑ የማየው ይህንን ነው።

የቱታው ልጅ፦ እህቴ፣ የሚበቃው ለምንድን ነው? ለማከም ነው ወይስ ለማወቅ? አንቺ የዘረዘርሽው ሁሉ ከታወቀ በኋላ የሚመጣ ነው። አባቴን ማከም ያቃተው ሰው አልነበረም። ያላወቀለት ነው የበዛው።

ከሲቲ ክፍል፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገና የጀመረ አስቤስቶሲስ በተራ ኤክስሬይ ላይታይ ይችላል። ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ሳንባውን በቀጫጭኑ ከፋፍሎ የሚያሳይ የሲቲ ራጅ ያስፈልጋል። ሰው በጀርባው ሲተኛ ደግሞ የሳንባው የኋላና የታች ክፍል በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ጥላ ይሠራል፤ በሽታውም የሚጀምረው እዚያው ነው። ስለዚህ በደረቱ አስተኝተን ደግመን እናነሳለን። ጥላው ከጠፋ ክብደት ነበር፤ ካልጠፋ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እኛ ክፍል ይህን የምናደርገው ማዘዣው ላይ «አስቤስቶስ» የሚል ቃል ስናይ ነው። «ሳል» ብቻ ተብሎ ከመጣ በጀርባው አንስተን እንሸኘዋለን።

ነርሷ፦ ታዲያ አንድ ቃል ማዘዣ ላይ ለመጻፍ ልዩ ሐኪም ያስፈልጋል?

የቱታው ልጅ፦ ሦስቱም አልጻፉትማ!

የሕግ ሰው፦ የረሳችሁት ነገር አለ፤ ደብዳቤው። ካሣ የሚጠይቅ ሰው ሐኪሙ የሚጽፈው ሪፖርት ላይ ነው የሚወድቀው ወይም የሚነሣው። ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ ምን ያህል አቧራ፣ ከመጋለጡ እስከ ሕመሙ ስንት ዓመት አለፈ፣ ሲቲው ምን አሳየ፣ የትንፋሽ ምርመራው ምን አለ። በ1997 ሄልሲንኪ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለዚህ መመዘኛ አውጥተዋል፤ በ2014 ታድሷል። ያን መመዘኛ አንብቦ የማያውቅ ሐኪም «የሳንባ ጠባሳ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ» ብሎ ይጽፋል። በዚያች «ያልታወቀ» በምትል ቃል ፋይሉ ይዘጋል። ደግሞ በብዙ አገር የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም የመክሰሻው ቀነ ገደብ፣ መቆጠር የሚጀምረው በሽታው ለሰውዬው ከተነገረው ቀን ነውና ቀኑ ራሱ በጽሑፍ መኖር አለበት። ሐኪም ካጣችሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ የያዘ ጠበቃ ጠይቁ፤ ማን በደንብ እንደሚጽፍ ያውቃል።

ብየዳ 40፦ ጠበቃ የመረጠው ሐኪም? ውሻ በበላበት ይጮኻል ጌታው። በ2005 ቴክሳስ ውስጥ የፌዴራል ዳኛዋ ጃኒስ ጃክ ወደ 10,000 የሚጠጉ የሲሊኮሲስ (የሲሊካ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ) ከሳሾችን ጉዳይ ሲመረምሩ የተገኘውን እርስዎ ያውቁታል። በሽተኛውን በቅጡ ሳይመረምሩ በጅምላ የፈረሙ ጥቂት ሐኪሞች ነበሩ። ከከሳሾቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀደም ብለው በአስቤስቶስ የከሰሱ ነበሩ። የዚያ ጦስ የሚተርፈው ለኔ ነው። እኔ የመርከብ ጥገና ላይ ኖሬ እውነተኛ ወረቀት ይዤ ስቀርብ ሰው በጥርጣሬ የሚያየኝ በእነሱ ምክንያት ነው።

የሕግ ሰው፦ ያንን አልክድም፣ ነውር ነው። ግን የኩባንያ ሐኪምስ? በ1949 የአሜሪካው የአስቤስቶስ ኩባንያ የጆንስ ማንቪል ሐኪም ኬኔት ስሚዝ፣ ኤክስሬያቸው ላይ ለውጥ የታየባቸው ነገር ግን ገና ሕመም ያልተሰማቸው ሠራተኞች እንዳይነገራቸው በጽሑፍ መክሯል። ሰዎቹ ሳያውቁ አቧራው ውስጥ ቀሩ። ብየዳ፣ አንተን የጎዳህ ከሁለቱ የትኛው ነው?

ብየዳ 40፦ ሁለቱም ናቸው። ለዚህ ነው ከሁለቱም ገንዘብ የማይቀበል ሐኪም የምፈልገው። የሥራ ጤና ክሊኒክ ያለው የማስተማሪያ ሆስፒታል ካለ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ እላለሁ።

ነርሷ፦ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የቱታው ልጅ፣ አባትህ ያጨሱ ነበር ወይስ አያጨሱም ነበር? ሐኪሙ ያን መጠየቁ ምን ጥፋት አለው?

የቱታው ልጅ፦ ያጨስ ነበር። መጠየቁ ጥፋት አይደለም፣ እዚያ ማቆሙ ነው ጥፋቱ። በ1979 ተመራማሪዎቹ እነ ሰሊኮፍና ሃሞንድ የአሜሪካን የአስቤስቶስ ሸፋኞች ቆጥረው ያወጡትን አንብቢ። ሁለቱም ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ አስቤስቶስ የነካ፣ የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት አደጋው 5 እጥፍ ገደማ ሆነ፤ አስቤስቶስ ያልነካ አጫሽ ከ10 እጥፍ በላይ፤ ሁለቱም ያለበት ከ50 እጥፍ በላይ። ስለዚህ «አጫሽ ነው» ሲባል ስለ ሥራው የበለጠ መጠየቅ ነው የሚገባው። ሜሶቴሊዮማን፣ አስቤስቶስ የሚያመጣውን የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ደግሞ ሲጋራ አያመጣውም። «ያጨሱ ነበር» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የስንት ሰው የሥራ ታሪክ እንደተቀበረ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ነርሷ፦ በዚህ እስማማለሁ። በ«ይበቃል» ግን አሁንም አልስማማም።

ልብስ አጣቢዋ እናት፦ እኔ እንደ እናንተ አዋቂ አይደለሁም፤ ስለ እናቴ ልናገር። ፋብሪካ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የአባቴን ቱታ በር ላይ አራግፋ ነበር የምታጥበው፤ ነጩ ብናኝ ቅንድቧ ላይ ሲያርፍ ዛሬም ይታየኛል። አሁን በቀኝ ሳንባዋ ሽፋን ውኃ ይቋጥራል። ሦስት ጊዜ ተቀዳላት፤ ሦስቱንም ጊዜ ላቦራቶሪው «የካንሰር ሕዋስ የለም» አለ። የሳንባ ሐኪሙም ደስ ብሎት «እንኳን ደስ ያለዎት» አላት። ውኃው ግን በየወሩ ይመለሳል።

ከሲቲ ክፍል፦ እህቴ፣ ሜሶቴሊዮማ ከውኃው ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከሽፋኑ ራሱ ናሙና መወሰድ አለበት፤ በካሜራ ወይም በሲቲ እየታየ። ሽፋኑ ተወፍሯል ብሎ የጻፈ ሰው አለ?

ልብስ አጣቢዋ እናት፦ አዎ፣ «መጠነኛ» ይላል።

የቱታው ልጅ፦ ስለ ቱታው ነግረሻቸዋል?

ልብስ አጣቢዋ እናት፦ ማንም አልጠየቀኝ። እሷ አልሠራችም ስል እኔም ምን ግንኙነት አለው ብዬ ተውኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን ሳላውቅ ነው የደበቅኩት።

የሕግ ሰው፦ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። በ1960 ተመራማሪው ዋግነርና ባልደረቦቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 33 የሜሶቴሊዮማ በሽተኞችን ሲመዘግቡ ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም፤ በልጅነታቸው የአስቤስቶስ ማዕድኑ አካባቢ የኖሩ ነበሩ። መጠየቅ የነበረበት ሐኪሙ ነው።

ብየዳ 40፦ ለእሷ እኮ የሳንባ ሐኪም ብቻውን ልዩም ቢሆን አይበቃም። የሳንባ፣ የራጅ፣ የናሙና፣ የቀዶ ሕክምናና የካንሰር ሐኪሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑበት ቦታ ያስፈልጋታል። አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻውን «እንክፈታት» ቢል እሺ እንዳትይ። በ2024 የወጣው የእንግሊዞቹ ማርስ 2 የተባለ የሜሶቴሊዮማ ጥናት ትልቁን ቀዶ ሕክምና ከኬሞ ጋር ያገኙት ኬሞ ብቻ ካገኙት የባሰ እንጂ የተሻለ ዕድሜ አላገኙም ይላል።

ነርሷ፦ ማስፈራራቱን ተው ወንድሜ፣ ገና ምርመራ ላይ ናት።

ብየዳ 40፦ አላስፈራራሁም። አውቃ ትግባ ነው የምለው።

የቱታው ልጅ፦ ሐኪም ስትመርጡ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት የአስቤስቶስ በሽተኛ አይተዋል? መልሱ «አላስታውስም» ከሆነ ሌላ ቦታ ደውሉ።

ነርሷ፦ ሐኪምን እንደ ሥራ አመልካች መፈተን ነው እንግዲህ! አንድ የሳንባ ሐኪም ብቻ ላለው ሰውስ ምን ትለዋለህ? የት ይደውል?

የቱታው ልጅ፦ ለእሱ አንድ ወረቀት ይበቃዋል። የሠራበትን ሁሉ ከነዓመቱ ጽፎ፣ ከላይ «አስቤስቶስ» ብሎ አስምሮ ሐኪሙ እጅ ላይ ያስቀምጥ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ወረቀት ከያዘ የትኛውም የሳንባ ሐኪም ይበቃል ማለት ነው። ራስህ አልከው።

የቱታው ልጅ፦ አላልኩም። በሽተኛው የሐኪሙን ሥራ ሠርቶለት ነው የበቃው።

ነርሷ፦ ቢሆንም በቃ።

ልብስ አጣቢዋ እናት፦ ይቅርታ፣ ሐሙስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። የሲቲው ውጤት ወረቀት አለኝ። እሱን ብወስድ ይሆናል?

ከሲቲ ክፍል፦ ወረቀቱ የሌላ ሰው አስተያየት ነው። ምስሉ ያለበትን ሲዲ ከተነሣችበት ክፍል ጠይቀሽ ውሰጂ፤ የቆየ ኤክስሬይም ካለ ጨምሪ። የተቀዳው ውኃ የላቦራቶሪ ውጤት ሦስቱም ይኑርሽ።

ልብስ አጣቢዋ እናት፦ እሺ። ቱታውንም እጽፋለሁ፣ ከነዓመቱ።