እናቴን ከከሰል የሚያላቅቅ ሂተር የቱ ነው?

የግንፍሌዋ

ጤና ይስጥልኝ። ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እኔና እናቴ፣ ባለ አንድ መኝታ። ፀሐይ ጠዋት ብልጭ ትልና ትሄዳለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ቤቱ አያስቀምጥም።

እናቴን ጉልበቷ ላይ ቁርጥማት ይዟታል፤ ብርድ ሲሆን ይብስባታል። መፍትሔዋ አንድ ነው። የቡናውን ከሰል አታጠፋም። ከበረንዳ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይዛው ትዞራለች። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ አሁን ምን ያደርጋል?» ትላለች። ስናገራት ማዕተቧን ያዝ አድርጋ «ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ!»

ስለዚህ ሂተር ልገዛ ነው። መርካቶ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ትንሽዬ፣ ሙቅ አየር የሚነፋ። አንዱ ዘንግ ዘንግ ያለው፣ ሲበራ የሚቀላ። ሦስተኛው ውስጡ ዘይት ያለበት፣ እሱም ከባድ ዋጋውም ከባድ። ሻጩ ስለ ሦስቱም «አሪፍ ነው፣ መብራት አይበላም» አለኝ። ታዲያ መብራቱን የሚበላው ማነው?

ለእናት መኝታ ቤት የቱ ይሆናል? ቆጣሪያችን ባለ ካርድ ነው፣ ያስለቅሰናል ወይ? ደግሞ አንዷ ጎረቤታችን «ሂተር የቤቱን አየር ይጨርሳል፣ ያፍናል» አለች። እናቴ ይህን ሰምታ «አየሽ፣ ከሰሌ ይሻላል» ብላለች። እባካችሁ አስታርቁን።

ሽቦ በእጄ

እህቴ፣ ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ሻጩ ቀልዶብሻል። 1500 ዋት የተጻፈበት ሂተር ቢነፋም ቢቀላም ዘይት ቢኖረውም የሚወስደው ያንኑ 1500 ዋት ነው፤ የሚሰጠውም ሙቀት እኩል ነው። የሚለያዩት በአሰጣጡ ነው። የሚነፋው ቶሎ ያሞቃል፣ ስታጠፊው ግን ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል። ድምፁም እንቅልፍ ይነሳል። የሚቀላው ከአየሩ ይልቅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያሞቀው። ለሳሎን ወንበር ደስ ይላል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚንጠለጠልበት መኝታ ቤት ግን እኔ አላስገባውም። ዘይት ያለው ለመሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ዝም ያለ ነው፣ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል። ቴርሞስታቱ ክፍሉ ሲሞቅ ራሱ ይቆርጣል። እሱን ግዢ። ዘይቱ አይነድም፣ አይጨመርም፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ነው። ምጣድ ብዙ ጊዜ 3500 ዋት አካባቢ ነው፤ ወደ 16 አምፔር። እንጀራ እየተጋገረ ሂተር ከበራ 25 ደረሰ። ብሬከሩ ቢወርድ አትናደጂበት፣ ሥራውን ነው የሠራው። ሰዉ ግን «ደካማ ነው» ብሎ በትልቅ ያስቀይረዋል። ከዚያ ብሬከሩ ዝም ይልና ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይነዳል። ፒያሳ አካባቢ በድሮ ቤቶች ቫልቮላው ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመው የሚያድሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ለእነሱስ ጸሎት ነው።

በማከፋፈያ ገመድ አትሰኪው፣ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ፕለጉን ዳሰስ አድርጊው። ካቃጠለሽ ሶኬቱ ላልቷል፣ ይቀየር። አካሉ ብረት ስለሆነ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) መኖሩንም በባለሙያ አስፈትሺ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀይው። በእጅ የሚዞር ማብሪያ ያላቸው ሂተሮች መብራት ሲመጣ በራሳቸው ይነሳሉ። ማታ ላዩ ላይ ነጠላ ተሰጥቶ፣ መብራቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ቢመጣስ?

የድንገተኛ ክፍሏ

ነርስ ነኝ። ለእማማ እንዲህ በይልኝ፦ ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ሲያልቅ ነው ሰው የሚዘናጋው። ፍሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ቶሎ ካወቀ ይወጣል። የተኛ ሰው አይነቃም።

ጎረቤትሽ የከሰሉን ጥፋት ለሂተር ሰጥታለች። ኤሌክትሪክ ሂተር የሚያነደው ነገር ስለሌለ አየር አይጨርስም። ቤቱን ግን ያደርቃል፤ ጉሮሮ ሲደርቅ ሰው «አፈነኝ» ይላል። አጠገቧ የምትጠጣው ውሃ ይኑር። ስኳር ካለባት እግሯን ሂተሩ ጋ አታስጠጋ፤ ሲያቃጥላት ላይሰማት ይችላል።

የሰባራ ባቡር ልጅ

ሒሳቡን ማን ያስላ? 1500 ዋት በቀን ሦስት ሰዓት ቢበዛ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 135። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው 50 ርካሽ፣ ከዚያ እየወጣ ይሄዳል። ርካሹን እርከን ፍሪጁና ምጣዱ ብቻቸውን ያልፉታል። ሂተሩ ሲጨመር ወደ ላይኛው ይገፋሻል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ቤቱን እዘጋለሁ። ከተማችን ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ የኅዳር ሰማይ ደግሞ ደመና የለውም። ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ውልቅ ብሎ ይሄዳል። የመስኮቱን ክፍተት በስፖንጅ ቴፕ ድፈኚ፣ ወፍራም መጋረጃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ አለ፤ 100 ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ከመተኛቷ በፊት አልጋውን አሙቂላትና ንቀይው። ሴትየዋ ከሞቀች ኮርኒሱ ቢበርደው ምን አገባን?

የድንገተኛ ክፍሏ

ይቅርታ፣ ልግባ። ክፍተቱን ከመድፈንሽ በፊት ከሰሉ ይውጣ። በዚህ ቅደም ተከተል!

ቦሌ የሸሸ

ኤሲስ? የሚያሞቅ አለ ይባላል።

ሽቦ በእጄ

አለ፣ አሪፍም ነው። የውጭውን ሙቀት ስቦ ስለሚያስገባ በአንድ እጅ መብራት ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ግን ገዝቶ ማስገጠሙ ለአንድ መኝታ ቤት አያዋጣም፤ ግድግዳም ይበሳል።

የግንፍሌዋ

ተባረኩ። ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። የነርሷን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ «ቡናውስ?» ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል፣ ከሰሉም እዚያው ይቀራል ብለን ታርቀናል። ስኳር የለባትም፣ አመስግኑልኝ ብላለች። ዘይት ያለውን፣ 1500 ዋቱን ቅዳሜ እገዛለሁ። ቴፑንም ጨምሬ።

ሽቦ በእጄ፣ አንድ የቀረኝ፦ መኝታ ቤቱና ምጣዱ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? ሳጥኑ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ሽቦ በእጄ

መኝታ ቤቱ ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ስኪ፣ ምጣዱ ሶኬት ላይም ሌላ። ዋናውን ትተሽ፣ ሌሎቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያወረድሽ መልሺ። ሁለቱም ስልኮች አብረው መሙላት ካቆሙ መስመሩ አንድ ነው፤ እንጀራ ሲጋገር ሂተሩ ይጠብቅ። ለየብቻ ከጠፉ ጋግሪ፣ ሙቂ። የየትኛው እንደሆነ በእስክሪብቶ ጻፊበት። የሳጥኑን ክዳን ግን እንዳትፈቺ።