ክሮም ተዘግቶም ብቅ የሚለው «ቫይረስ አለብዎት» መልእክት

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ነኝ። ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ራውተር እንጠቀማለን። በአንዱ ላይ ክሮም ተዘግቶ እንኳ ታች ቀኝ ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት» የሚል ብቅ ይላል፣ ልጆቹ ደግሞ ሊጫኑት ይቸኩላሉ። ዳታውም ቶሎ ያልቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም እንዳይጫነው! ቫይረስ አይደለም፣ አንድ ድረገጽ የሚልከው ኖቲፊኬሽን (ስክሪን ላይ ብቅ የሚል ማሳወቂያ) ነው። ቪዲዮ ለማየት ሲገባ «ፍቀድ» የሚለውን የተጫነ ሰው አለ፣ ከዚያ በኋላ ክሮም ከጀርባ እየሠራ ማስታወቂያ ያዘንባል። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ሳይት ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን ግባና የማታውቀውን ሁሉ አጥፋ። «ሲስተም» ስር ደግሞ ክሮም ሲዘጋ ከጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ዝጋ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ሌላ መልስ፦ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። «ሜሴንጀር ሰርቪስ» የሚባል ስክሪን ላይ መልእክት የሚያወጣ አገልግሎት ነበረበት፣ ሜሴንጀር ከሚባለው የቻት ፕሮግራም ጋር አይገናኝም፣ ማስታወቂያ ላኪዎች በኢንተርኔት ይጠቀሙበት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 የሚባለው የኤክስፒ አፕዴት ዘጋው።

ጠያቂ፦ ዊንዶውስ 10 ነው። አንድ የኳስ ድረገጽ ተፈቅዶለት አገኘሁ፣ አጠፋሁት። እግዜር ይስጥልኝ!

መልስ፦ ለዳታው በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋዩን «ሜተርድ» (ዳታው የተገደበ) አድርገው። ያኔ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ አያወርድም። በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አድርገው።