«ተምሩን ዛፉ ይመግበዋል» ለሚሉት

አፈር ወዳድ፦
በሬዲዮ ለአፋር ተምር አምራቾች የተሰጠውን ምክር የሰማ አለ? «በተምሩ ረድፍ መሀል የሰስባኒያ ወይም የሉኪኒያ ዛፍ ትከሉ፤ ተምሩን ዛፉ ይመግበዋል፤ ማዳበሪያ አያስፈልግም» ነው የተባለው። ይሄ ምክር ሰው ያከስራል። 80 ኪሎ የሰጠ ተምር በፍሬው ብቻ ግማሽ ኪሎ ያህል ፖታሲየም ከአፈሩ ይወስዳል፤ ናይትሮጅኑ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። ዛፉ ከአየር የሚያመጣው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ታዲያ ፖታሲየሙን ማን ይመልሳል?

አሳይታ ዳር፦
«ይመግበዋል» የምትለዋን ቃል ይዘህ አትሟገት። የአዋሽ ደለል ፖታሲየም የሚያጥረው አፈር አይደለም። የሚያጥረው ናይትሮጅንና ብስባሽ ነው፤ ብስባሹን ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ለዚህ ደግሞ ከጆንያ ማዳበሪያ ይልቅ ቅጠል ያዋጣል።

አፈር ወዳድ፦
ቃሏን የያዝኳት አምራቹ ጆሮ ላይ የምትቀረው እሷ ስለሆነች ነው። ናይትሮጅኑንም እናስላው። የሰስባኒያ ደረቅ ቅጠል ከመቶ 3 እጅ ገደማ ናይትሮጅን አለው። ለአንድ ተምር ግማሽ ኪሎ ያህል ለመስጠት 15 ኪሎ ያህል ደረቅ ቅጠል፣ በእርጥቡ 60 ኪሎ ያህል ይፈልጋል። በ10 ሜትር ርቀት ከተከልክ በሄክታር 100 ተምር ነው፤ 6 ቶን እርጥብ ቅጠል። ያን ሁሉ ቅጠል ከፍየልና ከግመል ማን ይጠብቀዋል?

አሳይታ ዳር፦
6 ቶን በሁለትና ሦስት ቆረጣ ይገኛል። ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ ቁረጥ፤ ጥቂት ቅጠልም ተውለት። ሙልጭ አድርገው ከቆረጡት ይደርቃል፤ ከዚያ «ሰስባኒያ አይሆንም» ይባላል። የቆረጥከውንም ፀሐይ ላይ በትነህ አትሂድ፣ ናይትሮጅኑ ይባክናል። በተምሩ ግንድ ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ አፈር አልብሰህ በዚያው ቀን ውኃ ልቀቅበት።

የመስኖ ሰው፦
ሁለታችሁም ጨውን ዘለላችሁት። ከጨው የሚመጣው ሶዲየም የበዛበት አፈር ላይ ፖታሲየም ሞልቶም ሥሩ መሳብ ይከብደዋል። ስለዚህ «ፖታሲየም አያጥርም» የሚለው አይበቃም፤ የቅጠል ናሙና ይመርመር። በዚሁ አጋጣሚ፣ በተምር መሀል ብርቱካን ትከሉ የምትሉ ተጠንቀቁ። የተምር ምርት መቀነስ የሚጀምረው የአፈሩ ጨው በጨው መለኪያው 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ነው፤ ብርቱካን ግን በ1.7 ይጀምራል። ለተምሩ የተስማማው መሬት ብርቱካኑን ሊጎዳው ይችላል።

ገርቢ፦
ጥላውንስ ለምን አታነሱም? አዲስ የተተከለ የተምር ልጅ ጥላ ካላገኘ ይቃጠላል። ዛፍ ለዚህም ያስፈልጋል።

የመስኖ ሰው፦
የመጀመሪያውን በጋ ብቻ፤ እሱንም በደረቅ የተምር ቅጠል መሸፈን ይበቃል። ትልቁ ተምር ጥላ አይወድም። ዐረቦች «እግሩ ውኃ ውስጥ፣ ራሱ እሳት ውስጥ» የሚሉት ለዚህ ነው። አየሩ ከታፈነና እርጥበት ከያዘ አበባው ገና በሽፋኑ ውስጥ እያለ ይበሰብሳል። ስለዚህ የመሀሉ ዛፍ የተምሩ አበባ ከመውጣቱ በፊት መከርከም አለበት። ስምህን የወሰድክበት የገርቢ ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን የሚያራግፈው በክረምት ነው፤ በበጋ፣ መስኖው ሲያጥር፣ ለምልሞ ውኃውን ይሻማል።

አፈር ወዳድ፦
ርቀቱንም ጨምሩበት። ተምር ዋና ሥር የለውም፤ ሥሩ ከግርጌው እንደ ገመድ ይበተናል፣ የሥር ፀጉርም የለውም። ዛፉ ከ3 ሜትር ቀርቦ ከተተከለ በደቃቅ ሥሮቹ ለተምሩ የተሰጠውን ይቀድመዋል። ታዲያ መጋቢው የትኛው ነው?

ገርቢ፦
በ10 ሜትር ረድፍ ልክ መሀሉ ላይ ከተተከለ 5 ሜትር ይርቃል። ያልተባለ ነገር አትከራከር።

አፈር ወዳድ፦
በሬዲዮ ርቀት አልተባለም! ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍም አፋር የገባው አፈር ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ዛሬ ከግጦሹ የሚነቅለው ጠፋ።

አሳይታ ዳር፦
ፕሮሶፒስን ከሰስባኒያ ጋር አታምታታ። ሰስባኒያ የአገራችን ዛፍ ነው፣ ጥቂት ዓመት ኖሮ ይሞታል፣ ውኃ የተኛበትንም መሬት ይችላል። ከአንድ ቃል ተነስተህ ዛፍ ሁሉ ይውጣ ልትል ነው?

አፈር ወዳድ፦
ይውጣ አላልኩም። «ማዳበሪያ አያስፈልግም» የሚለው ይታረም ነው ያልኩት። ፍግ እንኳ አልተጠቀሰም።

አሳይታ ዳር፦
ከዛፉ በተጨማሪ ፍግ ይሰጥ ካልክ እስማማለሁ። ናይትሮጅኑን ግን ዛፉ ይመግበዋል።