«አውጥቶ መሰካት ነው» ያለው ማነው?

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
ትናንት አንድ ባትሪ ሻጭ እዚህ የለጠፈውን አይታችኋል? «አላርም ሳጥን ውስጥ ያለውን አሲድ ባትሪ ጣሉት፣ ሊትየም ግዙ። አውጥቶ መሰካት ነው፤ ጣጣ የለውም» ይላል። ብዙ ሰው ደግሞ ወዶለታል። እኔን አንጀቴን ነው ያሳረረኝ። የአላርም ፓነል፣ ማለትም የዚያ ሳጥን፣ ቻርጀር የተሠራው ለአሲድ ባትሪ ነው። ከ13.6 እስከ 13.8 ቮልት እየሰጠ ዓመት ሙሉ ይይዘዋል። አዲሱ ባትሪ ይስማማዋል ወይ ብሎ የጠየቀ አለ?

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ አንተ ለቻርጀሩ ታስባለህ፣ እኔ ለሱቄ። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ያድራል፣ አንዳንዴም ይሰነብታል። ያቺ 7 አምፔር የምንላት አሲድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ተሟጣ ታልቃለች። ጥቂት ጊዜ እንደዚያ ከሆነች በኋላ ቻርጅ አልይዝ ትላለች። የኔዋ ጎኗ አብጦ ከሳጥኑ አልወጣ ብላ በካቻቢቴ ተፈልቅቃ ነው የወጣችው። ሌባ ደግሞ መብራት ያለበትን ቀን አይመርጥም።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ቁጭ ብላችሁ አሲድ ባትሪን ብታወድሱ አይገርምም። ሐረጎን ወርዳችሁ እኛ ጋ ኑ። ቆርቆሮ ሥር የተሰቀለ ሳጥን ከሰዓት በኋላ ስትነካው ያቃጥላል። አሲድ ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ 10 በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 5 ዓመት የተባለው 2 ዓመት አይደፍንም። ይህ ባትሪ እኮ በዓፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የተፈለሰፈ ነው። አይበቃም?

ጦሳ ሥር፦
መኪናህንስ ጠዋት ጠዋት በምን ታስነሳለህ? እሱም የዚያው ዘመን ነው። ይልቅ ደሴ ብርድ ነው፣ ሊትየም ብርድ አይችልም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ችግሩ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ነው። ሱቅህ ውስጥ ውሃ በረዶ ይሆናል?

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
ከነገሩ አትውጡ። «አውጥቶ መሰካት ነው» ነው የተባለው። ምኑን? ሊትየም አንድ ዓይነት አይደለም። በቅርቡ አንድ ደንበኛ «12 ቮልት ሊትየም» የሚል ጥቅል ይዞ መጣ። ፕላስቲኩን ስልጠው ውስጡ አሮጌ የላፕቶፕ ሴል ነው፤ ሦስቱ በተርታ ተበይደዋል። ሲሞሉ 12.6 ቮልት ናቸው። አንዱ ሴል ከ4.2 ማለፍ የለበትም። 13.8 ላይ ስትሰካው ግን ለእያንዳንዱ 4.6 ይደርሰዋል። ከእሳት የምታድነው አውራ ጣት የምታህል መቆጣጠሪያ ካርድ ብቻ ናት። ያውም ካለች።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
እሱን ማን ግጠም አለህ? እኔ የማወራው አይረን ፎስፌት ስለሚባለው የሊትየም ዓይነት ነው። አራት ሴል፣ 12.8 ቮልት። በ13.8 ሊሞላ የሚቀረው ጥቂት ነው። እንደ ላፕቶፑ በቀላሉ አይነድም። ከ2,000 ጊዜ በላይ ይሞላል፣ ይራገፋል።

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
እንዲህ ብሎ ቢጽፍማ ማን ይናገረው ነበር! እሱ ያለው «መሰካት ነው» ነው። አይረን ፎስፌትም ቢሆን ጣጣ አለው። ባትሪው ባዶ ሲሆን መቆጣጠሪያ ካርዷ ትዘጋለች፣ ፓነሉ 0 ቮልት ያያል። አንዳንዱ ፓነል 0 ካየ ባትሪ የለም ብሎ ቻርጅ አይልክም። መብራት መጣ፣ ባትሪው ግን እንደተኛ ነው። ሌላው፣ አሲድ ባትሪ ሲያልቅ ቮልቱ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ፓነሉ ቀድሞ ይጮኻል። ሊትየም 13 አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
«ቀድሞ ይጮኻል» አልክ? የኔ ለወራት አረንጓዴ ሲያበራ ነበር። መብራት በጠፋ ማታ ደቂቃ አልቆየም። የቱ ነው ቀድሞ የጮኸው?

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
ባትሪውን እያሠራ የማይፈትን ርካሽ ፓነል ገጥመውልሃል ማለት ነው።

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
ታዲያ ጥፋቱ የሊትየም ነው?

የፋብሪካ ሰው፦
ሱቅ ሌላ፣ ፋብሪካ ሌላ። የእሳት አላርም ፓነል ከነባትሪው ተፈትኖ ነው የሚጸድቀው። ኤንኤፍፒኤ 72 በሚባለው የአሜሪካ የእሳት አላርም ደንብ፣ መብራት ከጠፋ 24 ሰዓት ጠብቆ ከዚያ 5 ደቂቃ ሳይረን ማስጮህ የሚችል መሆን አለበት። አምራቹ ያልፈቀደውን ባትሪ ሰክቼ ጨርቅ የሞላበት መጋዘን ውስጥ ሰው አላሳድርም።

የሰኞ ገበያ እናት፦
ስለ ልጆቹም አስቡ እንጂ። የወጣው አሲድ ባትሪ የት ይሄዳል? ቁራሌው በኪሎ ይገዛዋል። ጓሮ ውስጥ የሚያቀልጠው ሰው አለ። ውስጡ ያለው እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል።

ጦሳ ሥር፦
እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ግን ሊትየሙን ቁራሌውም አይነካው። ተጥሎ ቦርከና ይገባል።

ኮምቦልቻ ነኝ፦
ቦርከና ወደ እኛ ነው የሚወርደው። አሁንም የናንተን ቆሻሻ እየተቀበልን ነው።

ጦሳ ሥር፦
የፋብሪካውን ፍሳሽስ እኛ ነን የለቀቅነው?

ባትሪ ሻጩ፦
እኔን ነው የምታሙት። የምሸጠው አይረን ፎስፌት ነው፣ ዋስትናም እሰጣለሁ። «መሰካት ነው» ያልኩት መጠኑም ተርሚናሉም ስለሚገጥም ነው።

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን ማን ጠየቀህ? ዋስትናህ ባትሪው ሲሞት ነው ወይስ ሱቁ ሲዘረፍ?

ባትሪ ሻጩ፦
አንተ የምትገጥመው አሲድስ ሱቅ ሲዘረፍ ይከፍላል?

ባለሱቅ ከፒያሳ፦
ሁለታችሁም ቆዩ። የኔ ፓነል 0 ካየ ቻርጅ ይልካል አይልክም? ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል። ፎቶ ልላክ?

የሸዋ በር ቴክኒሻን፦
ላክ። ቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር አንሳው። እስከዚያ ምንም እንዳትሰካ።

ባትሪ ሻጩ፦
ለምን አይሰካም? ነገ ጠዋት መጥቼ ራሴ እሰካለታለሁ።