«በሁለት ዓመት ይመለሳል» ያላችሁ፣ እስቲ ቁጠሩልኝ

የናሆም እናት፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው ስለ ልብስ ማድረቂያ ሲጽፍ «ርካሹ መከልከሉ ደግ ነው፣ የዋጋው ልዩነት በሁለት ዓመት ይመለሳል» አለ። ስልኬን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። እህቴ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሥራ ላይ ሳይውል ባለ 8 ኪሎ ኮንደንሰር፣ ያንን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚያደርቀውን ርካሹን፣ በ279 ዩሮ ገዝታለች። እኔ ቅዳሜ ሄድኩ። ሻጩ «ከጁላይ 2025 ወዲህ እሱ አይገባም፣ ያለን ሂት ፓምፕ ነው፣ ሙቀቱን መልሶ የሚጠቀመው ቆጣቢው» አለኝ። የእሱ ትንሹ ዋጋ 429። ሦስት ልጅ ላላት ሴት 150 ዩሮ ምን ማለት እንደሆነ ብራስልስ ላለው ሰውዬ ማን ይንገረው?

ሽቦ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ እህቴ። አልደበቅም። በአሮጌው የኃይል መለያ፣ ፍጆታውን በፊደል ደረጃ በሚያሳየው ተለጣፊ፣ 8 ኪሎ ኮንደንሰር በዓመት 560 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። A++ ደረጃ ያለው ሂት ፓምፕ 235 አካባቢ። ልዩነቱ 325 ነው። ጀርመን ውስጥ በ38 ሳንቲም አባዢው። 123 ዩሮ ይመጣል። ሁለት ዓመት ያልኩት እንዲያውም አብዝቼ ነው።

ዝም አልልም፦ ጋሽ ሽቦ፣ የዓመቱ ቁጥር በስንት ማሽን ልብስ የተሰላ ነው? በ160። በሳምንት ሦስት ማለት ነው። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ የማጥበው በሳምንት አንዴ። ለእኔ የሚተርፈው በዓመት 40 ዩሮ ነው። 150ው የሚመለሰው አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። «ሁለት ዓመት» የማን ሁለት ዓመት ነው?

ሽቦ፦ ብቻህን ከሆንክ ማድረቂያ ምን ያደርግልሃል? ማስጫ ላይ ዘርጋው።

ዝም አልልም፦ ይኸው! ከ«ይመለሳል» ወደ «አትግዛ» ተሻገርን።

የናሆም እናት፦ እኔ ደግሞ በሳምንት አምስት ማሽን አጥባለሁ።

ሽቦ፦ እንግዲያማ ለአንቺ ዘጠኝ ወር ነው! በዓመት 200 ዩሮ ይተርፍሻል። የተናደድሽው በሚጠቅምሽ ሕግ ነው።

የናሆም እናት፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡ አልጠፋኝም። ዘጠኝ ወር ቆይቶ የሚመጣ 150 ዩሮ ቅዳሜ ዕለት ኪሴ ውስጥ አልነበረም። በየወሩ ልክፈል ብዬ ጠየቅኩ። የመኖሪያ ፈቃድሽ የቀረው ጊዜ አጭር ነው ብለው መለሱኝ። «ይመለሳል» የሚባለው መጀመሪያ ማውጣት ለቻለ ሰው ነው።

ቦን ያለችው፦ እሰይ እናቴ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ከጆብሴንተር፣ ገቢ ለሌለው ድጎማ ከሚሰጠው የጀርመን መሥሪያ ቤት፣ ብቻውን ለሚኖር አዋቂ በወር 563 ዩሮ የሚሰጠው፣ የቤት መብራቱ ጭምር ከዚያው ታስቦ ነው። አዲስ ቤት ስትገቢ ለማጠቢያ ማሽን ሊረዱሽ ይችላሉ። ማድረቂያ ግን እንደ ቅንጦት ነው የሚቆጠረው።

የዙሪኩ፦ እኛ ጋ ስዊዘርላንድ ከ2012 ጀምሮ ሂት ፓምፕ ያልሆነ አይሸጥም። የሞተ ሰው የለም። እናንተ አሁን ገና ማልቀስ ጀመራችሁ።

ዝም አልልም፦ የዙሪክ ደመወዝ ይዘህ ከዱይስቡርግ ጋር አትወዳደር ወንድሜ።

የዙሪኩ፦ ሁሌ ደመወዝ! የቤት ኪራዩን ማን ይጠይቅ?

ፀሐይ ወዳድ፦ ይቅርታ ልግባና፣ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምንድን ነው? እናቶቻችን ገመድ ላይ አስጥተው ነው ያሳደጉን። ፀሐይ በነጻ ነው።

ቦን ያለችው፦ ፀሐይ በነጻ ነው! ኖቬምበር ላይ ቦን መጥተህ አሳየኝ።

የናሆም እናት፦ እኔ ጋ ፀሐይ ስትወጣ ልጆቹ በመስኮት «ምንድን ነው?» ይሉኛል።

ፀሐይ ወዳድ፦ ቤት ውስጥም ይደርቃል፣ ማሞቂያው አጠገብ።

ሽቦ፦ ይደርቃል፣ ግን ውሃው የት ይሄዳል? አምስት ኪሎ ልብስ በ1400 ዙር ተጨምቆም ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ ግድግዳሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ጥጉ ይጠቁራል፣ አከራይ ይመጣል፣ «አላናፈሳችሁም» ይላል።

የናሆም እናት፦ እሱማ ደርሶብኛል። የልጆቹ መኝታ ቤት ሻጋታ አወጣ። አከራዩ ፎቶ አንስቶ ደብዳቤ ላከ። ማድረቂያ ፍለጋ የወጣሁትም ለዚህ ነው እንጂ አምሮኝ አይደለም።

ፀሐይ ወዳድ፦ ምድር ቤት የጋራ ማስጫ የላችሁም?

የናሆም እናት፦ አለን። ተራዬ ማክሰኞ ነው። ልጅ ግን ሐሙስም ያስመልሳል።

እንጀራ በሦስት፦ እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እዚህ ለ2 ኪሎዋት የሚጨቃጨቀው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ጥዶ ሠላሳ እንጀራ ይጋግራል። ያኔ ሒሳብ የለም?

ቦን ያለችው፦ ምጣዴን ተዉልኝ!

ዝም አልልም፦ ምጣድና ማድረቂያ ምን አገናኛቸው? ምጣድ ምግብ ነው።

እንጀራ በሦስት፦ ደረቅ ካልሲስ ምንድን ነው?

ሽቦ፦ እንዲያውም ጥሩ አነሳህ። አውሮፓ ለምጣድ መለያ ቢያወጣ አብዛኞቻችን ኩሽና ውስጥ ያለው ከመጨረሻው ፊደል በታች ነው። ከላይ ያለው ክዳን ስስ ቆርቆሮ፣ ከታች ያለው ሸክላ፣ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ጣሪያ።

ቦን ያለችው፦ ጋሼ፣ ምጣዴን ተዉልኝ ብያለሁ። ማድረቂያው ላይ ይቆዩ።

የዙሪኩ፦ ደግሞ «ተከለከለ» የምትሉት ትክክል አይደለም። ከጁላይ 1 በፊት ገበያ የገባ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ካለ ይሸጣል። ያገለገለ መግዛትም ይቻላል። ቤትህ ያለውን ማንም መጥቶ አይነቅልም። ደግሞ በአዲሱ ሕግ አምራቹ መለዋወጫ ለ10 ዓመት ማቅረብ አለበት። እሱንም ቁጠሩት እንጂ።

ዝም አልልም፦ መለዋወጫው አለ፣ የሚገጥመው ሰው ቤትህ ለመምጣት ብቻ ስንት ይጠይቃል? ያገለገለ እንገዛለን፣ መብራቱን እንከፍላለን። ሕጉ ድሃውን ወደ አሮጌው ማሽን ነው የላከው። ከዚያ ቆጣቢው ማን ሆነ?

ሽቦ፦ ይህቺን እቀበላለሁ። ሌላውን ግን አይደለም።

ዝም አልልም፦ ሌላው የቱ ነው? «በሁለት ዓመት» የምትለውን አንስተሃል ማለት ነው?

ሽቦ፦ አላነሳሁም።

ቦን ያለችው፦ እኔ ደግሞ ሂት ፓምፕ ገዝቼ ከተጨቃጨቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መብራቱ ቀንሷል፣ አልዋሽም። ግን ቀርፋፋ ነው። የድሮው በሁለት ሰዓት የጨረሰውን እሱ ሦስት ሰዓት ይወስድበታል። ደግሞ ሞቅ ያለ ፎጣ የለም፣ ለብ ብሎ ነው የሚወጣው። ባሌ «አልደረቀም» እያለ መልሶ ይከተዋል።

ሽቦ፦ ለብ ማለቱ እኮ ነው ጥቅሙ። በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚያደርቅ ልብስ አይጎዳም።

ቦን ያለችው፦ አይጎዳም? የእናቴን ጋቢ ጠይቅ። የልጅ ብርድ ልብስ አክሎ ወጣ።

ፀሐይ ወዳድ፦ ጋቢ ማድረቂያ ውስጥ?! እግዚኦ።

ቦን ያለችው፦ ባሌ ነው ብያለሁ እኮ።

እንጀራ በሦስት፦ ጋቢ ባለ ሰባት ኪሎ ከበሮ ውስጥ መቼ ይገባና። ውሃ ሲጠጣ እንደ በግ ነው የሚከብደው።

የናሆም እናት፦ ጋቢውን ተዉት እባካችሁ። ሐሙስ አንድ ያገለገለ ሂት ፓምፕ ለማየት እሄዳለሁ፣ 180 ዩሮ፣ አምስት ዓመቱ። ምን ልይ? የሚያውቅ ይንገረኝ፣ ስድቡ በኋላ ይቀጥላል።

ሽቦ፦ አንደኛ፣ እርጥብ ፎጣ ይዘሽ ሂጂና አስነሺው። ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ፎጣው ሳይሞቅ ውሃ ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ተመለሺ። ከዚያ ማጣሪያውን አውጪ። ብናኝ ተጠቅጥቆ ካገኘሽ ባለቤቱ አያጸዳም ማለት ነው፣ ውስጡም እንዲያው ነው። ከታች ያለው ቀጭን ቀጭን ብረት በእጅ የሚጸዳበት በር ያለውን ምረጪ። «ራሱን ያጸዳል» የሚሉትን እኔ አልወድም።

የዙሪኩ፦ የእኔ ራሱን ያጸዳል፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

ሽቦ፦ እኔ ደግሞ ራሱን ያጸዳል የተባለውን ፈትቼ ከውስጡ ትራስ የሚሞላ ብናኝ አውጥቻለሁ። በሩ ስለሌለው ሙሉውን መበተን ነበረብኝ።

የዙሪኩ፦ አንድ ማሽን አይቶ ሁሉን መኮነን።

ሽቦ፦ አንድ አላልኩም። እህቴ፣ ስታጓጉዢው አታስተኚው። ከተኛ ደግሞ አቁመሽ አሳድሪው እንጂ ወዲያው አትሰኪው። እንደ ፍሪጅ ነው። የምታስቀምጪው ምድር ቤት ከሆነ ክረምት ላይ ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል ወይ? በብርድ በደንብ አይሠራም።

የናሆም እናት፦ ምድር ቤቱ ባዶ ጋራዥ በለው። እጅ ያቆረፍዳል። እንግዲህ መታጠቢያ ቤት መሆኑ ነው። የሚቆመው ማጠቢያው ላይ ነው።

ሽቦ፦ ላዩ ላይ ከሆነ ማያያዣ ግዢለት፣ ዝም ብለሽ አትጫኚው። ማጠቢያው ሲጨምቅ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆች አሉሽ።

ዝም አልልም፦ አሁን እሷ 180 ከፍላ ያገለገለ ከገዛች ሒሳቡ ስንት ሆነ? ከእህቷ አዲሱ ኮንደንሰር 99 ዩሮ ረከሰ፣ መብራቱም ያው ሂት ፓምፕ ነው። ሁለት ዓመት የሚባል ነገር የለም፣ ከመጀመሪያው ቀን ትርፍ ነው። አየህ ጋሽ ሽቦ?

ሽቦ፦ አየሁ። እኔስ ሂት ፓምፕ ግዙ ከማለት ሌላ ምን አልኩ?

ዝም አልልም፦ «ርካሹ መከልከሉ ደግ ነው» አልክ! ይኸው ርካሹ ተገኘ፣ ያውም ያለ ሕጉ።

ሽቦ፦ ያ ሂት ፓምፕ ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ ሆኖ ባይሸጥ ዛሬ ያገለገለ ከየት ይመጣ ነበር?

ፀሐይ ወዳድ፦ ሁለታችሁም ገመድ ግዙ። አምስት ዩሮ ነው።

ቦን ያለችው፦ ይህን ሰውዬ አንዱ ኖቬምበር ላይ ይጋብዘው።

የናሆም እናት፦ ሐሙስ አይቼው እነግራችኋለሁ። እርጥብ ፎጣ ይዤ ሰው ቤት መሄዱ ግን ያሳፍራል።

እንጀራ በሦስት፦ ፎጣ ከምትይዢ ጋቢ ያዢ፣ እሱን ካደረቀ ምንም ያደርቃል።

ቦን ያለችው፦ ጋቢ አይገባም አልን እኮ!