አስቸኳይ! ጂሜይል መላክ ከለከለኝ፣ የጥምቀት ኒውስሌተሬ ግማሽ ላይ ቆሟል

ጣና_ዳር
ወገን ድረሱልኝ። ባሕር ዳር ትንሽ የጀልባ ጉዞና 5 ክፍል ማረፊያ አለን። ለድሮ እንግዶቻችን የጥምቀት ኒውስሌተር ከማለዳ ጀምሮ እየላክሁ ነበር፤ አሁን «የመላኪያ ገደብ ላይ ደርሰዋል» ብሎ ዘጋኝ። ከሄደውም ብዙው ተመልሷል። ደረሰን ያሉት ሁለት ሰዎች ደግሞ ስፓም ውስጥ ነው ያገኙት። ዛሬ ማለቅ አለበት። ሌላ ጂሜይል ከፍቼ ልቀጥል?

ሽምብጥ84
ወንድሜ፣ እንዳትከፍት! ነፃው ጂሜይል በቀን 500 ተቀባይ ነው የሚፈቅደው። የሚቆጠረው ሰው ነው፤ በአንድ ኢሜይል 100 ሰው ካስገባህ 100 ተቆጠረብህ። እገዳው ከ1 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ራሱ ይነሳል፣ የሚመጣልህን ግን ታነባለህ። ዛሬ የተከፈተ አካውንት ዛሬውኑ ለመቶዎች ሲልክ አጭበርባሪ ነው የሚመስለው፣ እሱንም ያጣሉብሃል። አሁን ንገረን፦ ስንት ሰው ነው? ከየትኛው አድራሻ ነው የምትልከው? አድራሻዎቹስ ከየት መጡ?

ቻናል_ክፈት
በዚህ ዘመን ኢሜይል ማን ያነባል? ቴሌግራም ቻናል ክፈትና ተገላገል።

ጣና_ዳር
እህታችሁ ነኝ 😅 640 ሰው ነው። አድራሻው ከእንግዳ መዝገባችን ነው፣ በእጃቸው የጻፉት፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ። ከጂሜይላችን በቢሲሲ 90 90 እያደረግሁ ነው የላክሁት። ቴሌግራም ላልከው፦ አብዛኞቹ የጀርመንና የፈረንሳይ ጡረተኞች ናቸው፣ ቻናሌን ከየት አምጥተው ይገባሉ?

ቢሲሲ_ብቻ
ቢሲሲ ተጠቀሚ። አድራሻቸው እርስ በርስ እንዳይታይ።

ጉማሬው
@ቢሲሲ_ብቻ ከላይ ያለውን ብታነበው ምን ነበረበት። በታንኳ ልካው ቢሆን እስካሁን ዘጌ ደርሶ ነበር።

ሕግ_ይከበር
እኔ ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። መዝገብ ላይ «ደስ ብሎን ነበር» ብሎ አድራሻውን የጻፈ ሰው ማስታወቂያ ላኩልኝ አላለም። አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ ይጠየቃል። የአሜሪካው ሕግ ደግሞ ከታች የፖስታ አድራሻና ከዝርዝሩ መውጫ መንገድ ይፈልጋል፤ አውጡኝ ያለን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣት ግዴታ ነው። ሕጉን ብትተዪው እንኳ፣ ከ2009 ወዲህ ድምፅሽን ያልሰማ ሰው ማን እንደሆንሽ ረስቷል። የሚጫነው «ስፓም» የሚለውን ነው። ጂሜይል ከ1,000 ተቀባይ 1 ሰው እንኳ ስፓም ሲል ይቆጥራል፣ 3 ሲደርስማ ኢንቦክስ መግባት ይከብድሻል።

ጣና_ዳር
ብዙዎቹ እኮ «ፎቶ ላኩልን» ብለው ነው የጻፉት።

ሕግ_ይከበር
ፎቶ ነዋ ያሉት። አንድ ፎቶ ልከሽ «ወሬያችንን ልንልክልዎ?» ብለሽ ጠይቂ። አዎ ያለው ይቆይ።

መምህረ_ገበያ
ኒውስሌተር ማለት የግንኙነት መሣሪያ ነው። በመጀመሪያ ዓላማን መለየት፣ ቀጥሎ ታዳሚን መለየት፣ ቀጥሎ ድምፀትን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ድርጅት ራሱን ሳያውቅ ደንበኛውን ሊያውቅ አይችልም…

ጉማሬው
መምህር፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው፣ ስለ እሳት ታሪክ በኋላ።

ገመድ_ቀጣይ
የተመለሱትን እንይ። «አድራሻው አልተገኘም» የሚለው የእጅ ጽሑፍ ጣጣ ነው። 1 እና ትንሿ ኤል፣ ዜሮና ኦ፣ የፈረንሳዮች 1 ደግሞ 7 ትመስላለች። ጀርመኖች ብዙ ጊዜ ነጥብ ዲኢ ነው የሚጠቀሙት፤ አንቺ ነጥብ ኮም ብለሽ ገልብጠሽው ይሆናል። መዝገቡን ከፍተሽ አመሳክሪ። ሁለተኛ ጊዜ ከተመለሰ ሰርዢው፣ በሞተ አድራሻ ላይ ደጋግሞ መላክ ስምሽን ያበላሻል።

ለዛሬ፦ 640ውን ተይው። ባለፉት 2 ዓመታት የመጡትን ብቻ ለይተሽ እገዳው ሲነሳ 50 50 በየቀኑ ላኪ። በጂሜይል የመጨረሻው ይሁን።

ለዘለቄታው የራስሽ ዶሜይን (የራስሽ የኢንተርኔት ስም) እና የኒውስሌተር አገልግሎት ያስፈልጋል። ሰው የሚሳሳትባቸው እነዚህ ናቸው፦
አገልግሎቱ ውስጥ ገብተሽ ላኪውን የጂሜይል አድራሻሽን አታድርጊ። ጂሜይል ያልላከውን በጂሜይል ስም ስታመጪ ማረጋገጫው አይገጥምም፣ ቀጥታ ስፓም ነው።
ኤስፒኤፍ (በዶሜይንሽ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚናገረው መስመር) በአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው። የድሮው እያለ ሁለተኛ ከጨመርሽ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ አዲሱን አገልግሎት የሚያስገባውን «ኢንክሉድ» እዚያው የድሮው መስመር ውስጥ ነው የምትጨምሪው።
ዲኪም (የኢሜይሉ ዲጂታል ፊርማ) ሲገባ ብዙ የዶሜይን ማስተካከያ ገጾች የዶሜይኑን ስም ራሳቸው ከኋላ ይቀጥላሉ። ሙሉውን ከለጠፍሽ ስሙ ሁለት ጊዜ ይሆንና አይገኝም። ከዶሜይንሽ በፊት ያለውን ክፍል ብቻ ጻፊ።
ዲማርክ (ማረጋገጫው ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለው መመሪያ) መጀመሪያ «ነን»፣ ማለትም ምንም አታድርግ፣ ይሁን።
ጨርሰሽ ለራስሽ ጂሜይል ላኪ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክተሽ «ሾው ኦሪጅናል» በይ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም «ፓስ» (አልፏል) ካላሉ ለማንም አትላኪ።

ቢሲሲ_ብቻ
24 ሰዓት ጠብቂ፣ ራሱ ይለቃል።

ዘጌ_ቡና
ሁላችሁም ስለ ቧንቧው ስታወሩ ውኃውን ማንም አልጠየቀም። ምንድን ነው የላክሽው? ርዕሱስ?

ጣና_ዳር
ርዕሱ «ኒውስሌተር ቁጥር 1»። ውስጡ ያሠራሁት ፖስተር ነው፣ አንድ ምስል፣ 6 ሜጋባይት። «ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ጀልባ 2 ሰዓት ይነሳል፣ ክብራን ገብርኤልና ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ይደውሉ» ይላል። በእንግሊዝኛ።

ዘጌ_ቡና
አገኘሁት። አንድ ትልቅ ምስል ብቻ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ አጭበርባሪዎች የሚልኩት ዓይነት ነው፤ ስፓም መግባቱ አይገርምም። ምስል የዘጋ ሰውማ ባዶ ነጭ ገጽ ነው የሚያየው።

«2 ሰዓት» የሚለውን እንደቁሙ ወደ እንግሊዝኛ ካዞርሽው ፈረንጁ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው ወደቡ የሚመጣው፣ ጀልባው ከሄደ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ሐይቁም ነፋስ ሲነሳበት። በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት በይ። ጥር 11ንም ጃንዋሪ 19 በይ፤ ከተራው 18 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል፣ ይህን በየዓመቱ አረጋግጪ።

ክብራን ገዳም ሴት አይገባም። ባልና ሚስት ከፍለው መጥተው ሚስትየው ጀልባ ላይ ስትቀር ኒውስሌተርሽን አትረሳውም 😂 እዚያው ጻፊው፣ ለሴቶች አጠገቡ እንጦስ አለ በይ። ኡራ ለሁሉም ነው።

ጽሑፉን እንዲህ አድርጊው፣ አንቺ አዙሪው፦

ርዕስ፦ ጃንዋሪ 18 ከሰዓት ታቦታቱ ይወጣሉ፤ 5 ክፍል አለን
መጀመሪያ፦ «ባሕር ዳር መጥተው እኛ ዘንድ አርፈው ነበር። የዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ይውላል። እሑድ ከሰዓት ለከተራ ከወጡ ሰኞ ማለዳ ጸበሉ ሲረጭ ያያሉ፤ ማክሰኞ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ወደ ዘጌ እንሄዳለን።»
ከዚያ አንድ ፎቶ፣ ዋጋ፣ አንድ ጥያቄ፦ «ክፍል ልያዝልዎ? ለዚህ ኢሜይል ይመልሱልን።»

በቃ። «ይደውሉ» አትበይ፣ ከጀርመን ማን ይደውላል። ሲመልሱልሽ ደግሞ ጂሜይል የምታውቂያቸው ሰዎች መሆናቸውን ያያል፣ ቀጣዩ ኢንቦክስ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ፎቶው ስፋቱ 1200 ፒክስል፣ ከ200 ኪሎባይት በታች። ከወርድ ቀድተሽ አትለጥፊ፣ የማይታይ ኮድ ይዞ ይመጣል፤ ኮዱ 102 ኪሎባይት ካለፈ ጂሜይል ከታች ይቆርጠዋል፣ የሚቆረጠው ደግሞ መውጫ ሊንክሽ ነው።

መምህረ_ገበያ
ስንት ሰው እንደከፈተውም ይለካ።

ገመድ_ቀጣይ
መክፈት መለኪያ መሆኑ ቀርቷል። የሚቆጠረው ኢሜይሉ ውስጥ ያለች ምስል ስትወርድ ነው፤ በፈረንጆች ከ2021 ወዲህ የአፕል ሜይል ምስሏን ቀድሞ ስለሚያወርድ ያልከፈተውንም ከፍቷል ይልሻል። ስንት ሰው እንደመለሰ ቁጠሪ።

ጣና_ዳር
እሺ ሰኞ ዶሜይን እገዛለሁ። ለ50ዎቹ ግን እገዳው ሲነሳ ዛሬ ማታ ልሞክር? ክብራንን አስተካክያለሁ 🙈

ሽምብጥ84
ማታ ባትልኪው ይሻላል። ነገ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ላኪ፣ እዚያ ገና ቀትር አካባቢ ነው። ገመድ_ቀጣይ ያለሽን «ሾው ኦሪጅናል» ውጤት እዚህ ለጥፊልን።

ገመድ_ቀጣይ
@ጣና_ዳር ምን አለ? ፓስ አለ?

ጉማሬው
ጀልባ ላይ ናት።